18 ወር ከሽማግሌው ጋር

ባለቤቴ በ69 ዓመቱ ሽማግሌ ሆነ። ፀጉሩ ከሸበተ እንኳ ቆይቷል፤ የምናገረው ስለ ማዕረጉ ነው። በቤተክርስቲያናችን፣ በኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን፣ ወንዱ ሚስዮናዊ «ሽማግሌ» ሴቷ ደግሞ «እህት» ትባላለች። ደረታችን ላይ የምናደርጋት ትንሽ ጥቁር መታወቂያም እንደዚያው ነው የምትለው። ችግሩ፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው የ18 ዓመት ልጅም ሽማግሌ ነው። ጢሙ ገና በቅጡ አልወጣም። እሑድ ከስብሰባ በኋላ አንድ ሰው «ሽማግሌ!» ብሎ ሲጣራ አራት ጎረምሶችና አንድ አዛውንት እኩል ዞር ይላሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር። እየቆየ ግን «እኔ ለዚህ ስም 69 ዓመት ለፍቻለሁ፤ እነዚህ በነጻ ወሰዱት» ማለት ጀመረ።

ለሚስዮን ልንሄድ ነው ያልናቸው ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የጠየቁን አንድ ነገር ነው፦ «በዚህ ዕድሜያችሁ ቤት ለቤት ልትዞሩ?» አንዞርም። በር ማንኳኳቱ የወጣቶቹ ድርሻ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ማታ 4 ሰዓት ተኩል የመተኛት የእነሱ ሥርዓትም እኛን አይመለከትም። (ባለቤቴ በገዛ ፈቃዱ የሚነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ተነሥቶም ዝም ብሎ አይቀመጥም።) ለአዛውንት ጥንዶች ያለው ምድብ ብዙ ዓይነት ነው፦ የሚስዮኑን ቢሮ ሒሳብ መያዝ፣ የታመሙ ወጣቶችን መከታተል፣ የእርዳታ ሥራ፣ የድሮ የቤተሰብ መዛግብትን ፎቶ እያነሡ ማስቀመጥ፣ ገና ያልጠኑ ቅርንጫፎችን፣ ማለትም ትንንሽ ጉባኤዎችን፣ ማገዝ። ጊዜው ከ6 እስከ 23 ወር ነው፤ ወጪው ከራስ ኪስ ይወጣል። እኛ 18 ወር ብለን ሞላን። ከዚያ በፊት ኤጲስ ቆጶሱ (በእኛ ዘንድ የአጥቢያው መሪ ነው) ያነጋግራሉ፣ የካስማው፣ ማለትም የበርካታ አጥቢያዎች፣ ፕሬዚዳንት ያነጋግራሉ፣ ሐኪም ይመረምራል፣ የጥርስ ሐኪም ሳይቀር ቅጽ ይሞላል። የእኔው ሐኪም መስተዋቱን ከአፌ አውጥቶ «የት ሊሄዱ ነው?» አለኝ። «እኛም ገና አልተነገረንም» ስለው ወንበሩን አቅንቶ እንደገና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

ባለቤቴ ለሚያሾፉበት ሁሉ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ «አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር» ይላል። እኔም ሣራ በ10 ዓመት እንደምታንሰው፣ ድንኳኑን ማን እንደጠቀለለው ግን መጽሐፉ እንደማይናገር እጨምርለታለሁ።

ለቅጹም፣ ለጉዞውም፣ ለአዲሱ ቋንቋም ተዘጋጅቼ ነበር። ያልተዘጋጀሁት ለእሱ ነው።

በትዳር 41 ዓመት ኖረናል። እሱ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ቴክኒሽያን ስለነበር ከወሩ ሦስቱን ሳምንት ፊልድ ነው። እኔ 31 ዓመት በሒሳብ ክፍል ሠራሁ። ጡረታ ከወጣ በኋላም ቢሆን የሚጠገን ነገር ፍለጋ ከልጅ ቤት ልጅ ቤት ሲዞር ይውላል። አንድ ቀን ማታ፣ እዚያ ከደረስን በሦስተኛው ሳምንት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። በ41 ዓመት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሁለታችን ብቻ አብረን የዋልናቸው ቀኖች ቢደመሩ አንድ ዓመት አልሞሉልኝም። ደጋግሜ አሰላሁት። ሥራዬ ስለነበር ድምር አልሳሳትም።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው በአንድ ክፍል፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ የቢሮ ጠረጴዛ 18 ወር የያዝኩት። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ይቀዳ ይሆናል፤ ጠዋት ከተነሣ በኋላ ግን እሱ ሬድዮ ሳይከፍት ለብቻው እንደሚያንጎራጉር፣ ብርጭቆ ከእጄ እንዳስቀመጥኩት ነጥቆ እንደሚያጥብ፣ መንገድ ጠፍቶበት እንኳ የስልኩን ካርታ «ይቺ ሴትዮ አካባቢውን አታውቀውም» እያለ እንደሚከራከር አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን ድሮም አውቅ ነበር። ልጆቻችን ሲደውሉ ስልኩን ያነሣና «ደህና ነህ? ሥራ እንዴት ነው? በል እናትህ እቺውልህ» ብሎ ያቀብለኛል። ሦስት ዓረፍተ ነገር። ለወንዱም ለሴቷም ያው ሦስት ነው።

ምድባችን ቤትና ሒሳብ ሆነ። ሒሳቡ የእኔ ነው። ቤቱ፣ ማለትም ወጣት ሚስዮናውያኑ የሚኖሩባቸው 14 ኪራይ ቤቶች፣ የሁለታችን። ውል እናሳድሳለን፣ ከአከራይ ጋር እንከራከራለን፣ ቁልፍ እናስቀርጻለን፣ በየጊዜው እየዞርን እናያለን። አይቶ መምጣት ስል ቀላል ይመስላል። የ19 ዓመት ልጆች፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ካለ እናት የሚኖሩበትን ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በመታጠቢያ ቤት ውስጥ የቆመ ብስክሌት። ከሁለት ወር በፊት እርጥቡን ተጠቅልሎ አሁንም እርጥብ የሆነ ፎጣ። ባትሪው ወጥቶ ለግድግዳ ሰዓት የተሰጠ የጭስ ጠቋሚ። ባለቤቴ በዚህ በመጨረሻው አይቀልድም። በየቤቱ እንደገባ መጀመሪያ መጥረጊያ ይጠይቃል፣ በእንጨቱ ጫፍ ጠቋሚውን ተጭኖ እስኪጮህ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ የሚሰጠው። የጋዝ ማሞቂያ ባለበት ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም ካልሰማ አይወጣም። ሽታ ስለሌለው ነገር ልጆቹን ያስተማራቸውን ያህል ስለ ሌላ ነገር ያስተማረ አይመስለኝም።

«ስንት ሰው አጠመቃችሁ?» የሚሉን አሉ። እኛ? ማንንም። 11 ፍራሽ ቀይረናል።

እውነት ለመናገር አሰልቺ ሰዓቶችም ነበሩ። ቢሮው ጸጥ ሲል፣ የሚደውል ሲጠፋ፣ እዚህ ድረስ የመጣነው ደረሰኝ ለመለጠፍ ነው እንዴ እያልኩ የተቀመጥኩባቸው። ሰው ስለ ተልእኮ ሲጽፍ እንዲህ ያለውን ሰዓት ይዘልለዋል። እኔም ከዚህ በላይ አላቆይበትም።

የደረሰኙን ነገር ካነሣሁ ግን አንድ ሐሙስን መዝለል አልችልም።

ወጣቶቹ የሚኖሩት ከጓደኛ ጋር ነው፤ ጓደኛቸውን ራሳቸው አይመርጡም፣ የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት ናቸው የሚያጣምሯቸው። ቀኑን ሙሉ ከዓይንና ከጆሮ ሳይራራቁ ይውላሉ። ያን ቀን ፕሬዚዳንቱ ደወሉና «ሁለቱ ልጆች ከተኮራረፉ ሳምንት ሆኗቸዋል፤ እስቲ እንደ ዋዛ ብቅ በሉላቸው» አሉን። እሺ አልን። ያላወቁት፣ እኛም ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተነጋገርን ነው። ባለቤቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ፣ የሚሠራው ሲያጣ፣ የወሩን ደረሰኝ በሙሉ ከፋይሌ አውጥቶ «አስተካክሎልኝ» ነበር። በመጠን። ትንንሾቹን ከላይ፣ ትልልቆቹን ከታች። እኔ በቀን ቅደም ተከተል ነበር ያስቀመጥኳቸው። ያንን ክምር ሳየው የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

አራታችን በአራት ወንበር ተቀመጥን። ማንም አልጀመረም። እኔ ግድግዳውን አያለሁ፣ ባለቤቴ ጣሪያ ላይ ያለውን ጠቋሚ ያያል፣ ልጆቹ ጫማቸውን ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ቀና አለና በለሆሳስ «እህት፣ ይቅርታ፣ እናንተም ተጣልታችኋል እንዴ?» አለ። ባለቤቴ መዋሸት አይችልም። ነገሩን ከነደረሰኙ ዘርግፎ ነገራቸው፣ ለራሱ እያደላ። እኔም የድርሻዬን አልኩ። ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ያ ጢሙ ያልወጣው ሽማግሌ ለባለቤቴ «በቀን ቅደም ተከተል መመለስ አለብህ» ብሎ ፈረደ፤ ሁለተኛው «ግን እሷም መጮህ አልነበረባትም» ብሎ አከለበት። እንዲህ አድርገው ሽማግሌዎቹ ሽማግሌ ሆኑብን። የእነሱን ጠብ ያወራነው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዱ የማንቂያ ደወሉን አምስት ጊዜ እያስተኛ አምስት ጊዜ ያስጮኸዋል፣ ይኸው ነበር። ባለቤቴ ያን ሌሊት እስከ 6 ሰዓት ቁጭ ብሎ ደረሰኝ ሲደረድር አመሸ። ሦስቱን ተሳስቷል። አልነገርኩትም።

ማታ ማታ ጮክ ብዬ አነብለት ነበር፣ ዓይኑ ስለደከመ። ስለ ቤተክርስቲያኗ የመጀመሪያ ሚስዮናውያን ሳነብ ያስቆመኝ ነገር፣ ያን ጊዜ ሄያጁ ባል፣ ቀሪዋ ሚስት መሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ብሪገም ያንግና ሂበር ኪምቦል ወደ እንግሊዝ ሲነሡ ራሳቸውም ታመው ነበር፣ የተዉአቸው ሚስቶቻቸውም ታመው ነበር። ጋብቻ ያልያዙ ሴቶች በይፋ ተጠርተው ሲላኩ የመጀመሪያዎቹ ኢኔዝ ናይትና ጄኒ ብሪምሆል ናቸው፣ እሱም በ1898 ነው። የልቤ ሰው ግን ሉዊዛ ፕራት ሆነች። ባሏ አዲሰን በ1843 ወደ ፓሲፊክ ደሴቶች ተላከና አምስት ዓመት ጠፋ። እሷ በመካከሉ አራት ሴት ልጆቿን ይዛ የአሜሪካን ረጅም ሜዳ በጋሪ አቋርጣ ምእመናኑ ወደ ሰፈሩባት ሶልት ሌክ ገባች፤ እሱ የተመለሰው በዚያው በ1848 ነው። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ እንደገና ላኩት። በዚህኛው ግን ሉዊዛ አልቀረችም። በ1850 ከነልጆቿ ባሕሩን ተሻግራ ቱቡአይ በምትባል ደሴት አገኘችው፣ እዚያም ሴቶቹንና ልጆቹን ስታስተምር ቆየች።

መጽሐፉን አጠፍኩና «ይህችን ሴት አውቃታለሁ» አልኩት።

ባለቤቴ የገባው ወዲያው ነው። ጥቂት ዝም አለና «እኔ ግን ደመወዝ እልክ ነበር» አለ።

ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «እልክ ነበር» አለ፣ አሁን ግን አልሳቀም።

በሐዋርያት ሥራ ውስጥ አቂላና ጵርስቅላ የሚባሉ ድንኳን ሰፊ ባልና ሚስት አሉ። በአዲስ ኪዳን ስማቸው 6 ጊዜ ይነሣል፣ አንድም ጊዜ አንዳቸው ለብቻ አልተጠሩም። በአብዛኛውም የእሷ ስም ነው የሚቀድመው። ይህን ለባለቤቴ ብዙ ጊዜ አንሥቼለታለሁ። ድንኳን የሚሰፋ ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ነው የሚውለው፤ መርፌው የት እንደገባም ይጨቃጨቃሉ፣ እርግጠኛ ነኝ። ጳውሎስ እነሱ ዘንድ ተቀምጦ አብሮ ሲሠራ ስንት ጠብ ሰምቶ ይሆን?

በዘጠነኛው ወር የልጅ ልጅ ተወለደልን። ያየኋት በስልክ መስተዋት ነው፣ ያውም ምስሉ እየተቆራረጠ። ለከባድ የቤተሰብ ጉዳይ አዛውንት ጥንዶች በራሳቸው ወጪ ለጥቂት ቀን ደርሰው መመለስ ይችላሉ። ልጄ «አትምጪ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ፤ እኔም አልሄድኩም። ልክ ነበርኩ ወይ? እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያው ሳምንት አንዲት የ20 ዓመት እህት ትርፍ አንጀቷ ታሞ በሌሊት ቀዶ ጥገና ገብታ ነበርና አልጋዋ አጠገብ ሦስት ሌሊት አደርኩ። እናቷ ሩቅ አገር ናት፣ ቋንቋዋን አልችልም። ልጅቷ ገና ሳትነቃ እናቷ ደወለች። ምን ልበላት? ስልኩን በልጅቷ አፍንጫ አጠገብ ያዝኩላት፣ ትንፋሿን እንድትሰማ። ብዙ ደቂቃ እንዲያ ቆየን። ክንዴ ሲዝል በሌላኛው እጄ አዛወርኩት። የራሴ ልጅ ስትወልድ አጠገቧ ማን እንደነበረ የጠየቅኳት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው።

ወደ ባለቤቴ ልመለስ።

አንድ ቤት ነበር፣ ቁም ሣጥኑ ማጠፊያው የወለቀ። ባለቤቴ ካቻቢቴውን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ከቤቱ ልጆች አንዱን «መዝጊያውን ደግፍልኝ» አለው። እኔ ከልጁ ጓደኛ ጋር ማድቤት ውስጥ የውኃ ቆጣሪውን ንባብ እጽፋለሁ፣ በሩ ክፍት ነው። ድሮ ወጣት ሚስዮናውያን ቤተሰባቸው ጋ ስልክ የሚደውሉት በዓመት ሁለቴ፣ በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። ከየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በየሳምንቱ መደወል ተፈቅዶላቸዋል። ይህ ልጅ ለሁለት ወር እንዳልደወለ ሰምተን ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅነውም።

ባለቤቴም አልጠየቀውም። ብሎን ነው የጠየቀው። «ያችን አቀብለኝ። አይደለም፣ አጭሯን።» እንዲህ ሲባባሉ ቆዩና ልጁ በራሱ ጊዜ ጀመረ። ሲደውል የምታነሣው እናቱ ናት። አባቱ እዚያው ክፍል ውስጥ እንዳለ ያውቃል፣ ሲያስል ይሰማዋል። መስመሩ ላይ ግን አይመጣም። የልጁን ለሚስዮን መምጣት አባትየው መጀመሪያም አልወደደውም ነበር። «ስለዚህ ተውኩት» አለ ልጁ። «ሲያስል ከምሰማ ባልደውል ይሻላል።»

ካቻቢቴው ቆመ። እኔም ብዕሬን አቆምኩ።

«እኔም ስልክ ላይ አላወራም» አለ ባለቤቴ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። ሲደውሉ ደስ ይለኛል፣ ከዚያ የምለው ይጠፋኛል። ብዙ ጊዜ ሳልኖር ስለቀረሁ፣ አሁን ከየት እንደምጀምር አላውቀውም። ለእናታቸው እሰጥና አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሁሉንም እሰማለሁ። አባትህም እየሰማህ ይሆናል።» ቀጥሎ ደግሞ ረጅም ብሎን ጠየቀ።

ይህን የሰማች ሚስት ምን መሰማት አለባት? ኩራት ትሉ ይሆናል። እኔ ተናደድኩ። የበኩር ልጃችን 38 ዓመቱ ነው። ይህችን ቃል ስንት ዓመት ጠብቋታል! አባቱ ደግሞ ሄዶ ሄዶ ለማያውቀው ልጅ፣ ቁም ሣጥን ሥር ተቀምጦ፣ በነጻ ሰጣት። ወንድ ልጄ የወለቀ ማጠፊያ ባለመኖሩ ነው እንዴ የቀረበት? መኪና ውስጥ እንደገባን ይህንኑ አልኩት፤ ቃሉን ሳላለዝብ። ባለቤቴ ሞተሩን ሳያስነሣ ብዙ ቆየ።

«አውቃለሁ» አለ።

ሌላ የተናገረው የለም። እኔም አልጨመርኩም። ካርታዋ «ወደ ግራ ታጠፍ» ስትለው ያን ቀን ብቻ ሳይከራከር ታጠፈ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንደ ሌሎቹ ነበሩ፤ ቁልፍ፣ ደረሰኝ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የእሱ የደም ግፊት ክኒን፣ የእኔ ጉልበት። ልጁ ደውሎ ይሁን አይሁን አልሰማንም፤ ሌላ ከተማ ተመደበ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ዕቃ እያጠብኩ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። የበኩር ልጃችን ነው። ባለቤቴ አነሣው። «ደህና ነህ?» አለ። «ሥራ እንዴት ነው?» አለ። እኔ ተራዬ መድረሱን ስለማውቅ ቧንቧውን ዘጋሁ፣ እጄን በፎጣ አደረቅኩ፣ እጄን ዘረጋሁ።

ባለቤቴ የተዘረጋውን እጄን አየው። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝና ወደ በረንዳው ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋው።